ሲአርፒ፣ ኢኩዊፕና ሲኤስፒ ሲመዘኑ፦ የአሜሪካ መንግሥት ለገጠር ገበሬ የሚከፍለው የአፈር ጥበቃ ገንዘብ

አሜሪካ ገጠር ውስጥ መሬት ያለው ወይም ተከራይቶ የሚያርስ ሰው አፈሩንና ውኃውን ስለጠበቀ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝባቸው ዋና ፕሮግራሞች ሦስት ናቸው፦ ሲአርፒ (መሬትን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ለሚያለብስ)፣ ኢኩዊፕ (እያረሰ ወይም ከብት እያረባ የጥበቃ ሥራ ለሚሠራ) እና ሲኤስፒ (እርሻውን ቀድሞውንም በደንብ ለሚጠብቅ)። ሦስቱም የሚስተናገዱት የግብርና መሥሪያ ቤቱ በየካውንቲው፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ካውንቲ በጋራ በከፈተው የአገልግሎት ማዕከል ነው። ገንዘቡ ወሬ አይደለም፤ ይከፈላል። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ክፍያው አንሶበት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ስቶ ነው፦ ውል ሳይፈረም ሥራ ጀምሮ፣ ብሩ መቼ እንደሚገባ ሳያውቅ ተበድሮ፣ ወይም ለአሥር ዓመት የፈረመውን በአራተኛው ዓመት ሊያፈርስ ፈልጎ። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን እዚህ የምንመዝናቸው በሚከፍሉት ብቻ ሳይሆን በሚያስከፍሉትም ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

በማዕከሉ ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኤፍኤስኤ (የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ) መዝገቡን፣ ካርታውንና ሲአርፒን ይይዛል። ኤንአርሲኤስ (የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት) የአፈርና የውኃ ባለሙያዎች ቤት ነው፤ ኢኩዊፕንና ሲኤስፒን ያስተዳድራል፣ የሲአርፒንም የቴክኒክ ሥራ ይሠራል። ይህ ሁለተኛው በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአቧራ ማዕበል ሜዳማውን የአገሪቱን ክፍል ባራቆተበት ዘመን፣ በሂዩ ሃሞንድ ቤኔት መሪነት የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ነው፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1994 ነው።

አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኤፍኤስኤ ነው። የእርሻ ቁጥርና የትራክት (የእርሻው አንድ ክፍል) ቁጥር ከሌለ ኤንአርሲኤስ ዘንድ የገባ ማመልከቻ ፈቀቅ አይልም። ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የድርጅት የግብር ቁጥር፣ የመሬቱ የባለቤትነት ሰነድ ወይም የተፈረመ የኪራይ ውል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው። መሬቱ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ወይም በትረስት (የአደራ ይዞታ) ስም ከሆነ የማቋቋሚያ ሰነዱና የእያንዳንዱ አባል ድርሻ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስም፣ የግብር ቁጥሩ የተመዘገበበት ስምና ፎርሙ ላይ የሚፈረመው ስም ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። የአባትና የአያት ስም አቀማመጣችን ለዚህ ስሕተት በጣም ያጋልጣልና ቀድሞ ማስተካከል ይበጃል።

ከዚያ ሦስት ፎርሞች ይፈረማሉ። ሲሲሲ-902 እርሻው በማን ጉልበት፣ በማን ገንዘብና በማን መሣሪያ እንደሚሠራ ይገልጻል። ሲሲሲ-941 የሦስት ዓመት አማካይ ገቢ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ ያረጋግጣል። ኤዲ-1026 ግን ተነብቦ መፈረም ያለበት ወረቀት ነው። በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ያለ ጥበቃ ዕቅድ አላርስም፣ ረግረግ አድርቄ ሰብል አልዘራም የሚል ቃል ነው፤ የሚመለከተውም ለድጎማ የቀረበውን ማሳ ብቻ አይደለም፣ ፈራሚው የትም ያለውን መሬት ሁሉ ነው። አንዱ ማሳ ላይ ያለ ፈቃድ ቦይ ተቆፍሮ ረግረግ ቢደርቅ የሌላው ማሳ ክፍያም አብሮ ይቆማል።

ሲአርፒ፦ መሬት ከእርሻ አውጥቶ ሣር ማልበስ

ሲአርፒ በ1985ቱ የእርሻ ሕግ የተጀመረ ነው። ገበሬው ማሳውን ከ10 እስከ 15 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ከእርሻ ያወጣል፣ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፣ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። በ2007 በፕሮግራሙ ሥር 36.8 ሚሊዮን ኤከር ገብቶ ነበር፤ ከዚያ የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ብዙው ተመልሶ ታረሰ። የ2018ቱ ሕግ ጣሪያውን ደረጃ በደረጃ ወደ 27 ሚሊዮን ኤከር አድርሶታል። ያ ሕግ በ2023 ጊዜው ቢያበቃም በማራዘሚያ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ስለዚህ ዘር ከመግዛት በፊት ምዝገባው ክፍት መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው።

ጦም ያደረ መሬት ሁሉ አይገባም፣ የታረሰ ሁሉም አይገባም። ማሳው ከ2012 እስከ 2017 ካሉት ስድስት ዓመታት በአራቱ ሰብል የተዘራበት መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ወይም አራሹም ቢያንስ 12 ወር የያዘው። ለአጠቃላይ ምዝገባ፣ ማለትም በውድድር ለሚካሄደው፣ በተለምዶ የመሸርሸር መለኪያው (አፈሩ ለመሸርሸር ምን ያህል እንደሚቀል የሚያሳየው ቁጥር) 8 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ይፈለጋል።

ኪራዩ የሚሰላው በማሳው ላይ በብዛት ባሉት ሦስት የአፈር ዓይነቶች ነው። ለምሳሌ ያህል 40 ኤከር ማሳ ላይ 20 ኤከሩ በ100 ዶላር፣ 12ቱ በ80፣ 8ቱ በ60 ዶላር የተተመነ አፈር ነው እንበል። አማካዩ 86 ዶላር ይሆናል። በ2018ቱ ሕግ መሠረት አጠቃላይ ምዝገባ የሚከፍለው ከዚህ 85 በመቶውን ነው፤ ስለዚህ ለኤከር 73.10፣ ለዓመቱ 2,924 ዶላር። ይህ ቁጥር ከፊርማ በኋላ ለአሥር ዓመት አይነቃነቅም። ኑሮ ቢወደድም፣ የጎረቤት የመሬት ኪራይ እጥፍ ቢሆንም ያው ነው። የሲአርፒ ትልቁ ድክመት በእኛ ግምት ይህ ነው።

ሁለተኛው ድክመት የመጀመሪያው ዓመት ነው። መንግሥት የሣር ማቋቋሚያውን ወጪ እስከ ግማሽ ይጋራል፣ ሌላው ግማሽ በገበሬው ላይ ነው። ዘሩ፣ የአረም መድኃኒቱና የመዝሪያ ማሽን ኪራዩ ለኤከር 150 ዶላር ቢወጣ ለ40 ኤከር 6,000 ዶላር ነው፤ ከገበሬው ኪስ 3,000። የአንድ ዓመቱ ኪራይ በሙሉ እዚያው ያልቃል ማለት ነው። ኪራዩ ደግሞ ውሉ ኦክቶበር 1 ከጀመረ የሚገባው ዓመቱ ሞልቶ ከሚቀጥለው ኦክቶበር በኋላ ነው። ሲአርፒ ይከፍልልኛል ብሎ የመሬት ዕዳ ቀን ያስያዘ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ባዶ እጁን ይቆማል።

አጠቃላይ ምዝገባው ውድድር ነው። ገበሬዎቹ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ለአካባቢው በሚሰጡት ጥቅም ነጥብ በአገር ደረጃ ይደረደራሉ፦ የዱር እንስሳት እስከ 100፣ የውኃ ጥራት እስከ 100፣ መሸርሸር እስከ 100፣ ከውሉ በኋላ የሚቀር ጥቅም እስከ 50፣ የአየር ጥራት እስከ 45፣ በመጨረሻም ዋጋ። አፈሩና ቦታው የሚያመጡት ነጥብ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። በገበሬው እጅ ያሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የሚዘራው የሣር ድብልቅና የሚጠይቀው ኪራይ። ብዙ ዓይነት አገር በቀል ሣርና አበባ ያለበት ድብልቅ ነጥቡን በደንብ ያነሣል፤ ግን ውድ ነው፣ ግማሹም ከራስ ኪስ ነው። ስለዚህ ነጥብ ከመቁጠር በፊት ከሁለት የዘር ሻጮች ዋጋ ማስቆረጥ ያስፈልጋል። ለነጥብ ብሎ የተመረጠ ድብልቅ ውሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ርካሽ ልቀይር ቢሉ ነጥቡም ውሉም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በዓመት ለአንድ ሰው የሚከፈለው ኪራይ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ውል ማፍረስ ደግሞ ከባድ ነው፦ እስከዚያ የተከፈለው ሁሉ ከነወለዱ ይመለሳል፣ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ ካሣ ይጨመርበታል። ከላይ ባለው ምሳሌ በስምንተኛው ዓመት የወጣ ሰው 23,392 ዶላር ኪራይ፣ 731 ዶላር ካሣ፣ ወለዱና የማቋቋሚያ ድርሻው ይጠየቃል። መሬቱ ሲሸጥም ገዢው ውሉን በስሙ ካላዞረ ዕዳው በሻጩ ላይ ይወድቃል። የሽያጭ ውሉ ላይ ይህን የሚያስር አንድ አንቀጽ ለማስገባት የሚከፈለው የጠበቃ ዋጋ ከዚህ ዕዳ ያንሳል።

ሣሩ ሳይበቅል ሲቀር

ሲአርፒ ከወረቀት ይልቅ ማሳ ላይ ነው የሚወድቀው። አገር በቀል ሣር እንደ ስንዴ አይዘራም። ዘሩ ጥልቀት አይወድም፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች በላይ ከገባ አይወጣም። መሬቱ ልስልስ ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት፦ የሰው ጫማ ከግማሽ ኢንች በላይ ከሰመጠ መሬቱ ገና ነው፣ መዳመጥ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ዘሮች ፀጉራም ስለሆኑ በተራ የእህል መዝሪያ ውስጥ ይዘጋሉ፤ ለፀጉራም ዘር የተለየ ሣጥን ያለው የሣር መዝሪያ በብዙ ቦታ ከአካባቢው የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክት ይከራያል፣ ወረፋው ግን በዘር ወቅት ረጅም ነው።

ዘር ሲገዛ የሚታየው የከረጢቱ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጹሕና ሕያው ዘር ነው። ንጽሕናው 90 በመቶ፣ ብቅለቱ 80 በመቶ የሆነ ከረጢት ውስጥ ሕያው ዘሩ 72 በመቶ ብቻ ነው። ዕቅዱ ለኤከር 8 ፓውንድ ሕያው ዘር ካዘዘ የሚዘራው 11.1 ፓውንድ ነው፣ ለ40 ኤከር 444 ፓውንድ ግድም። 320 ፓውንድ ገዝቶ የዘራ ሰው ማሳው ሳሳ ብሎ ይበቅልና በፍተሻ ይወድቃል። የከረጢቱ መለያ ወረቀት መጣል የለበትም፤ ለክፍያ ማስረጃው እሱ ነው። በ2016 አዮዋን በመሰሉ ስቴቶች ለጥበቃ በተዘራ ዘር ውስጥ ፓልመር አማራንት የሚባለው መድኃኒት የማይበግረው አረም ተደባልቆ መገኘቱም የሚረሳ አይደለም። ዘሩ ከዚህ አረም ነፃ ስለመሆኑ የተመረመረበትን ወረቀት መጠየቅ ገበሬው መብቱ ነው።

የቀድሞው ሰብል መድኃኒትም ሣሩን ይገድላል። በቆሎ ላይ የተረጨ አትራዚን በአፈር ውስጥ ቆይቶ አንዳንድ ሣርና አበባ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ስለዚህ ያለፉት ሁለት ዓመታት የርጭት መዝገብ ለዕቅድ አውጪው ይታይ። በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ሥር እየሰደደ ነውና ከላይ የሚታየው አረም ብቻ ነው፤ ይህ ሰውን ያስደነግጣል፣ አርሶ መገልበጥም ያምረዋል። መፍትሔው አረሙ ፍሬ ሳይዝ ከ6 እስከ 8 ኢንች ከፍታ ላይ ማጨድ ነው። ይህ የማቋቋሚያ አጨዳ በዕቅዱ ውስጥ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም በወፎች የመራቢያ ወቅት ያለ ፈቃድ ማጨድ ውል መጣስ ነው። የወቅቱ ቀን በየስቴቱ ይለያያል። ድርቅ ሲመጣ የሚፈቀደው የአስቸኳይ ድርቆሽ አጨዳና ግጦሽም ያው ነው፦ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ማጭድ።

በወንዝ ዳር ያለው የተሻለው ስምምነት

ከሲአርፒ ውስጥ ያለ ማመንታት የምንመክረው ተከታታይ ምዝገባውን ነው። በተለምዶ ውድድር የለውም፣ ጥያቄውም ምዝገባው ክፍት እስከሆነ ድረስ ይቀርባል፣ ኪራዩም ከተመኑ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ለብዙዎቹ አሠራሮች የመፈረሚያና የማበረታቻ ክፍያ ይጨመርበታል። ሲፒ21 የተባለው ማጣሪያ የሣር ቀበቶ ከ20 ጫማ ስፋት ይጀምራል፣ ሲፒ22 የተባለው የወንዝ ዳር ደን ከ35 ጫማ። በሣር የተሸፈነ የጎርፍ መውረጃም እዚህ ይገባል። እነዚህ ቦታዎች ድሮውንም ምርታቸው አናሳ ነው፦ ጥግ ናቸው፣ ትራክተር ይዞርባቸዋል፣ ውኃ ይተኛባቸዋል። ማሳውን ሳይለቅ፣ ቦረቦር ሊሆን የተቃረበውን መስመር ብቻ ሰጥቶ ኪራይ መቀበል ለአነስተኛ ገበሬ ከሁሉ ይሻላል። የተለመደው ጥፋት ትራክተሩን በሣሩ ላይ እንደ መንገድ መንዳትና ከማሳው የሚረጨው መድኃኒት ቀበቶው ላይ እንዲደርስ መተው ነው። የተነዳበት ሣር ይጠቀጠቃል፣ ጎርፉ ጎማው ባወጣው መስመር ይሰበሰብና ቀበቶው ማጣራቱ ይቀራል።

ኢኩዊፕ፦ ሠርተህ አሳይ፣ ከዚያ ይከፈልሃል

በ1996ቱ ሕግ የመጣው ኢኩዊፕ መሬቱ እየታረሰ፣ ከብቱ እየጋጠ የሚሠራ ነው። አጥር፣ የከብት ውኃ ገንዳ፣ የውኃ ቧንቧ፣ እርከን፣ የፍግ ማከማቻ፣ ሸፋኝ ሰብል (ዋናው ሰብል ሲነሣ አፈሩን ለመሸፈን የሚዘራ)፣ የአትክልት ፕላስቲክ ቤት ሁሉ እዚህ ይጠየቃል። እያንዳንዱ አሠራር ቁጥር አለው፦ ሸፋኝ ሰብል 340፣ አጥር 382፣ የጎርፍ መውረጃ 412፣ የውኃ ገንዳ 614፣ ፕላስቲክ ቤት 325። በቁጥሩ መጠየቅ ንግግሩን ያሳጥራል። ማመልከቻው ሲፒኤ-1200 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ፣ ግን እያንዳንዱ ስቴት የሚቆርጠው ቀን አለው። ቀኑ ያለፈበት ማመልከቻ ለቀጣዩ ዙር ያድራል።

ክፍያው ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይሰላል፤ እርሻ ከጀመረ 10 ዓመት ላልሞላው፣ አቅሙ ውስን ለሆነና ለቀድሞ ወታደር እስከ 90 በመቶ። እነዚህ ገበሬዎች ቢያንስ ግማሹን በቅድሚያ መውሰድ ይችላሉ፣ ገንዘቡ ግን በ90 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ይህን ምርጫ በፎርሙ ላይ ምልክት ማድረግ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ መቶኛው የሚሰላው ከገበሬው ደረሰኝ አይደለም። ስቴቱ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ አሠራር ቁርጥ ዋጋ ያወጣል። ተመኑ ለአንድ ጫማ አጥር 2 ዶላር ቢሆን 2,640 ጫማ አጥር 5,280 ዶላር ያመጣል፤ አጥሩ በጫማ 3.50 ከፈጀ 9,240 ዶላር ወጥቷል፣ ልዩነቱ የገበሬው ነው። በራሱ ጉልበት የሠራ ደግሞ ከተመኑ በታች ሊጨርስ ይችላል።

ኢኩዊፕ ላይ ገንዘብ የሚያሳጣው ቀዳሚ ስሕተት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሥራ መጀመር ነው። ጉድጓድ የቆፈረ፣ ቋሚ የተከለ፣ አንድም አሠራር የጀመረ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተፈቀደለት ለዚያ ሥራ አይከፈለውም። መጠበቁ ያንገበግባል፤ የባለሙያው የመስክ ጉብኝት፣ የአካባቢና የጥንታዊ ቅርስ ምርመራው፣ ነጥቡና ፊርማው ወራት ይፈጃሉ። ቢሆንም በዚህ ሕግ ላይ ድርድር የለም። ሁለተኛው ስሕተት ቧንቧ ዘርግቶ ባለሙያው ሳያይ አፈር መመለስ ነው። የተቀበረ ቧንቧ ጥልቀቱና ዓይነቱ አይታይም፤ ወይ ተቆፍሮ ይታያል ወይ ክፍያው ይቀራል። ሦስተኛው በዲዛይኑ ከተጻፈው የሚያንስ ዕቃ መጠቀም ነው፦ ቋሚዎቹን ማራራቅ፣ ያገለገለ ሽቦ መወጠር። ያገለገለ ዕቃ መጠቀም የሚቻለው ባለሙያው አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ሸፋኝ ሰብል ቀላል ቢመስልም በቀን ይወድቃል። ለሽፋን የሚዘራው ሬይ የተባለው እህል፣ በቆሎ ከታጨደ በኋላ ዘግይቶ ከተዘራ በሰሜኑ ክፍል ብርዱ ይቀድመዋል፣ መሬቱንም አይሸፍንም። ከራስ ጎተራ የወጣ ዘር ከሆነ የብቅለት ምርመራ ይጠየቃል። በፀደይ የሚገደልበት ቀንም ከሰብል ኢንሹራንሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለኢንሹራንስ ወኪሉ መንገር ያስፈልጋል።

አሠራሮቹ ዕድሜ አላቸው። ሸፋኝ ሰብል የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ አጥር ግን 20 ዓመት ተጠብቆ መቆየት አለበት። የኢኩዊፕ ትልቁ ችግር ከገበሬው ውጭ ነው፦ ከ2010 እስከ 2020 ከጠየቁት ውል ያገኘው ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ ነበር። በ2022 የወጣው የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ለኢኩዊፕ 8.45 ቢሊዮን ዶላር ጨምሮለት በሩ ሰፍቶ ነበር፤ ወረፋው ግን አሁንም አለ። ያልተሳካለት ሰው ማመልከቻው ለቀጣዩ ዓመት እንዲተላለፍ ይጠይቅ፣ ነጥቡ ለምን እንዳነሰም ይጠይቅ። መልሱን የመስጠት ግዴታቸው ነው።

ሲኤስፒ

ሲኤስፒ ቀድሞውንም ጥሩ ለሚይዝ ገበሬ ነው። ውሉ አምስት ዓመት ነው፣ እርሻው በሙሉ ይገባል፣ ሲጀመር ቢያንስ በሁለት የሀብት ችግሮች (እንደ አፈር መሸርሸርና የውኃ ጥራት ባሉ) ላይ ደረጃውን ማሟላት፣ እስኪያበቃ ደግሞ ሌላ አንድ መጨመር ይጠበቃል። በ2018ቱ ሕግ የአንድ ውል ጣሪያ 200,000 ዶላር ነው። ክፍያው ከኦክቶበር በኋላ በየዓመቱ ይመጣል። ለአነስተኛ እርሻ ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ ለረጅም ጊዜ 1,500 ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 4,000 ከፍ ማለቱ ለትንንሾቹ ብዙ ለውጧል። የሚያጣላው መዝገብ ነው፦ ቃል የተገባው ሥራ በአንዱ ዓመት በዝናብ ምክንያት ካልተሠራ ወቅቱ ሳያልፍ ማሳወቅ እንጂ በዓመቱ መጨረሻ ማስረዳት አይረዳም። የዘር ደረሰኝ፣ ቀንና ፎቶ አንድ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ።

ካውንቲው ምን ያገኛል?

ሲአርፒ በኤከር ስለሚከፍል ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳል። ባለቤቱ ካውንቲው ውስጥ መኖርም አይጠበቅበትም፤ ቼኩ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ይችላል፣ ዘርና ማዳበሪያ ሻጩና የትራክተር ጠጋኙ ግን ገበያቸው ይቀንሳል። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ ከአንድ ካውንቲ የእርሻ መሬት በሲአርፒና በረግረግ ይዞታ ስምምነቶች ሥር የሚገባው ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ተከራይ ገበሬ ደግሞ ባለመሬቱ መሬቱን ለሲአርፒ ሲል ሊነቅለው እንደማይፈቀድለት ማወቅ አለበት፤ ድርሻውም በውሉ ላይ ይጻፋል።

የኤፍኤስኤ የካውንቲ ኮሚቴ በገበሬዎች ይመረጣል፣ ይግባኝም መጀመሪያ እዚያ ይቀርባል። ጥቁር ገበሬዎች በካውንቲ ደረጃ ስለደረሰባቸው አድልዎ የከሰሱበት የፒግፎርድ ክስ በ1999 በስምምነት አልቋል፣ ክፍያውም ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚያ የቀረው ትምህርት ተግባራዊ ነው፦ የሚሰጥ መልስ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን ያለበት ማረጋገጫ ደረሰኝም ይጠየቅ። ኮሚቴውን ለመምረጥም ለመመረጥም መስፈርቱን የሚያሟላ ገበሬ ስሙን ማስመዝገብ ይችላል።

ውሉ ሲያበቃ

የሲአርፒ ውል የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ፈቃድ ማረስ በመጨረሻው ዓመትም ቢሆን ጥሰት ነው። ባለመሬቱ መሬቱን ለጀማሪ ገበሬ ቢሸጥ ወይም ቢያንስ ለአምስት ዓመት ቢያከራይ እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ተጨማሪ ኪራይ ይከፈለዋል፤ መሬት ለሚፈልግ አዲስ ገበሬ ይህ ትልቅ መደራደሪያ ነው፣ ሊያበቃ የተቃረበ ውል ያለውን ሰው ፈልጎ መጠየቅም ያዋጣል። መሬቱ ወደ እርሻ ከተመለሰ ደግሞ የመሸርሸር መለኪያው 8 የደረሰ ማሳ በኤዲ-1026 ቃል መሠረት የጥበቃ ዕቅድ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ሣሩን በመድኃኒት አድርቆ ሳያርሱ በላዩ መዝራት ነው። በሞፈር የተገለበጠ እንደሆነ የአሥር ዓመቱ ሥር በአንድ ክረምት ይፈታና አፈሩ እንደ ድሮው ይታጠባል።